የጓሮው ዕቃ ቤት፦ አመራረጡ፣ አሠራሩና አያያዙ

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገሩ ስለ ጓሮ ዕቃ ቤት ነው። «ስለ ዕቃ ቤት ደግሞ ምን ይጻፋል?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ብንሆን እስካለፈው ግንቦት ድረስ እንደዚያው ነበር የምንለው።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ወር ላይ የጓሮ አትክልት ክበባችን ከመለማመጃው መደብ ድንች አወጣ። ምርቱ መልካም ስለነበረ በስብሰባ ተነጋግረን፣ የዶሮ እንቁላል የሚያክል የሚያክለውን ለቅመን ሁለት ኩንታል ያህል ለዘር አስቀረን። ሐሳባችን በሰኔ ተመርቀው ወደየወረዳው የሚበተኑት ታላላቆቻችን እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቅርጫት የዘር ድንች ይዘው እንዲሄዱ፣ በተመደቡበት ትምህርት ቤትም ጓሮ እንዲጀምሩበት ነበር። አዲስ መምህር ባዶ እጁን ከሚገባ ዘር ይዞ ቢገባ ለተማሪውም ለወላጁም ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ድንቹን ከግቢው ጥግ ባለችው የቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ አስገባነው። ኪዮስኳ መስኮት የላትም፤ ወለሏም አፈር ነው። ድንቹን በኬሻ እንዳለ መሬት ላይ ደረደርነው። ከጎኑ አፉ የተቀደደ የዩሪያ ኬሻ፣ ከዩሪያው ላይ ደግሞ ጭቃቸው ያልተጠረገ ዶማና አካፋ ነበሩ። በሩን ቆለፍን፣ ቁልፉን ለተረኛ ሰጠን፣ በቃ፣ ረሳነው።

ግንቦት ላይ በሩን ስንከፍት ሽታው መለሰን። ከታች የነበሩት ኬሻዎች በስብሰው ውኃ ሆነዋል። ከላይ ያሉት ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ጉንቁል አውጥተው እርስ በርሳቸው ተጠላልፈዋል፤ ለመለየት ሲጎተት ይሰበራል። ዶማዎቹ ዝገዋል። የካሮትና የጎመን ዘር የነበረበትን ካርቶን አይጥ ከጥግ እስከ ጥግ አዳርሶታል። ታላላቆቻችን በሰኔ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። ጥፋቱን በማንም ላይ አናሳብብም፤ የራሳችን ነው።

ከግቢው በታች የሚኖሩና ሁላችንም «አባባ» የምንላቸው አንድ አዛውንት ገበሬ የሆነውን አይተው፣ «ልጆቼ፣ የዘር ድንች እስር ቤት አይገባም። ብርሃን ሲያጣ መውጫ ፍለጋ ጉልበቱን ይጨርሳል» አሉን። ይህ አንድ አረፍተ ነገር ከዚያ ወዲህ ላደረግነው ሁሉ መነሻ ሆነን። ከእርሻ መምህራችን ጋር ሆነን አጠናን፣ ተከራከርን፣ በመጨረሻም በዚህ ዓመት በጥቅምት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣን የራሳችንን የእንጨት ዕቃ ቤት ሠራን። ነገ የገጠር ትምህርት ቤት የሚጠብቃችሁ ሁሉ ከስህተታችንም ከሥራችንም ትማሩ ዘንድ እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

1. ዕቃ ቤትና ጎተራ አንድ አይደሉም

እንደሚታወቀው የአርሲ ገበሬ እህል ማስቀመጥ ከማንም መማር አያስፈልገውም። በኦሮምኛ ጎምቢሳ የሚባለው ጎተራ ከቀጫጭን እንጨት ወይም ከቀርከሃ ተሠርቶ፣ በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ የሣር ክዳን ደፍቶ ይቆማል። ይህ አሠራር ሁለት ትምህርት ይሰጠናል። አንደኛው እህል ከመሬት እርጥበት መራቅ እንዳለበት ነው። ሁለተኛው ክዳኑ ከግድግዳው በጣም አልፎ መውጣት እንዳለበት ነው።

ይሁን እንጂ ጎተራው የሚያውቀው እህልን ብቻ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር እዚህ አሰላ ላይ የተቋቋመው፣ ካዱ በሚለው አጭር ስሙ የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በጭላሎ አውራጃ ገበሬዎች ዘንድ እንዲስፋፋ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በገበሬው ቤት ውስጥ አዳዲስ እንግዶች ገቡ። ማዳበሪያ፣ በመድኃኒት የታሸ ዘርና ፀረ ተባይ መጡ። እነዚህ እንግዶች ከእህልም ሆነ እርስ በርሳቸው አብረው አያድሩም። ከአሰላ በስተሰሜን ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች አንድ የስንዴ ዝርያ ለማውጣት ዓመታት ይደክማሉ። እኛ ግን ያንን ዘር ከእርጥብ ኬሻ ጋር አንድ ክረምት ብናሳድረው ልፋታቸው ከንቱ ይሆናል። ስለሆነም የጓሮ ዕቃ ቤት ዋና ሥራ ዕቃን መደበቅ አይደለም፤ የማይስማሙትን መለየት ነው።

2. ከምን ይሠራ?

በክርክራችን ላይ ሦስት ሐሳቦች ቀርበው ነበር።

ሀ. የቆርቆሮ ኪዮስክ። ቶሎ ይቆማል፣ ለሌባም ያስቸግራል። ነገር ግን ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። በአርሲ ደጋ የቀንና የሌሊቱ ሙቀት በጣም ስለሚለያይ፣ ውስጥ ያለው እርጥብ አየር ሌሊት ቆርቆሮውን ሲነካ ወደ ውኃነት ይለወጥና ዕቃው ላይ ይንጠባጠባል። ዝናብ ሳይዘንብ ዘራችን የረጠበው በዚህ ምክንያት ነው።

ለ. የጭቃ ቤት። ሙቀቱ አይዋዥቅም፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ በየዓመቱ መመረግ አለበት። አይጥም ከሥሩ ይቦረቡረዋል። በዚያ ላይ አንዴ ከተሠራ ወዲያ የትም አይሄድም።

ሐ. የእንጨት ቤት። እንጨት ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም። በሳንቃዎቹ መካከል ክፍተት ከተተወ አየር ያስገባል። መደርደሪያና ማንጠልጠያ የትም ቦታ ላይ ሊመታበት ይችላል። ቦታው ካልተስማማ ተፈትቶ ይነሳል። ጉድለቱ እሳትን፣ መበስበስንና ምስጥን መፍራቱ ነው። እሳትን በጥንቃቄ፣ መበስበስን በአሠራር መከላከል ስለሚቻል እንጨቱን መረጥን። በአሰላ ከፍታ ምስጥ እምብዛም አያስቸግርም። ወደ ዶዶታና ወደ ስምጥ ሸለቆው ቆላ የምትመደቡ ግን ምስጥን መርሳት የለባችሁም።

3. እንጨቱን ስለ መምረጥ

ለማገዶም ለቤትም የምንመካው በባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በአጼ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባ ሲሆን፣ ቶሎ ስለሚያድግና ከተቆረጠ በኋላም ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ በየቦታው ይገኛል። ለቋሚ፣ ለማገርና ለወራጅ ይበቃል። ነገር ግን እርጥቡን ከሠሩበት ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩንም ይለቃል። ስለዚህ አጣናው ተልጦ፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ፣ ጥላ ሥር ለጥቂት ወራት የደረቀ መሆን አለበት። አጣና ስትገዙ ቅርፊቱን ላጥ አድርጋችሁ እዩ። ከሥሩ እርጥበት ካለ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም አትውሰዱት።

የአበሻ ጥድ ምስጥም መበስበስም ስለሚቋቋም ለመሬት ውስጥ ቋሚ ተወዳዳሪ የለውም። ወይራም እንዲሁ ጠንካራ ነው። ዝግባ ለመላግና ለመሰንጠቅ ይመቻል፤ ግን እርጥብ መሬት ውስጥ ብዙ አይቆይም። እዚህ ላይ ግን አደራ የምንለው ነገር አለ። ነባር ጥድና ዝግባ ከደን እየተቆረጡ ዛሬ ጥቂት ቀርተዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠቅሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ መከልከሉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ለአንድ ዕቃ ቤት ብሎ የመቶ ዓመት ጥድ የሚጥል መምህር ነገ ተማሪዎቹን ችግኝ ትከሉ ቢላቸው ማን ይሰማዋል? ለግድግዳ ሳንቃ በተከላ የሚለማው የፈረንጅ ጥድ ይበቃል። እኛም የተጠቀምነው ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ነው።

4. ቦታውና ስፋቱ

ቦታ ሲመረጥ አራት ነገር ይታያል። ከመደቡ አጠገብ ይሁን፤ ዕቃ ለመመለስ ሩቅ ከሆነ ማንም ሰው ዶማውን መደቡ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ከፍ ያለ መሬት ይሁን፤ ከጭላሎ ተዳፋት የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ዝቅ ያለውን አይምርም። ከመጸዳጃ ቤትና እሳት ከሚነድበት ቦታ ይራቅ። በመጨረሻም በሩ ነፋስና ዝናብ በብዛት ከሚመጣበት አቅጣጫ ተቃራኒ ይሁን። ይህንን ለማወቅ በአንድ ዝናባማ ቀን ወጥቶ የመማሪያ ክፍሎቹ የትኛው ግድግዳ እንደሚረጥብ ማየት ይበቃል።

መረሬ መሬት ላይ የምትሠሩ ደግሞ አስቡበት። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቋሚውን እያነቃነቀ በሩን አላስገጥም ያሰኛል። ጥቁሩን አፈር አውጥቶ ድንጋይና ጠጠር መሙላት ይሻላል።

ስፋቱን በግምት ሳይሆን በስሌት ወሰንነው። ክበባችን ያሉት መሣሪያዎች 20 ናቸው። እያንዳንዱ ሲንጠለጠል 20 ሴንቲ ሜትር ቢይዝ 20 × 20 = 400 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 4 ሜትር ግድግዳ ያስፈልጋል። ስለዚህ የቤቱን ርዝመት 3 ሜትር፣ ወርዱን 2 ሜትር አደረግነው። ከርዝመቱ 1 ሜትሩን ለዘር ድንች ከፈልነውና 2 ሜትሩ ለመሣሪያ ቀረ። የመሣሪያው ክፍል የኋላ ግድግዳ 2 ሜትር፣ የጎኑም 2 ሜትር ነው፤ ሲደመር 4 ሜትር። ወለሉ ነፃ ሆነ ማለት ነው።

ለጣሪያው በየጎኑ 40 ሴንቲ ሜትር እንዲያልፍ ብናደርግ 3.80 በ2.80 ሜትር ይሆናል። አንድ ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ ሲደራረብ በወርዱ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል ብንል፣ 3.80 ለ0.70 ሲካፈል 5.4 ስለሚሆን 6 ቆርቆሮ ጎን ለጎን ያስፈልጋል። ቁመቱን ለመሙላት በእያንዳንዱ ላይ ግማሽ ቆርቆሮ ይቀጠላል። 6 ሙሉና ለሁለት የተቆረጡ 3፣ በድምሩ 9 ቆርቆሮ ነው። ይህንን ስሌት ሳንሠራ በፊት አንዳንዶቻችን 15 እንግዛ ብለን ነበር!

5. አሠራሩ

እንጨት የሚበሰብሰው ብዙውን ጊዜ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። እዚያ እርጥበትም አየርም አብረው ስለሚገኙ በስባሹ ይመቸዋል። ስለሆነም ቋሚዎቹን አፈር ውስጥ ከመቅበር ይልቅ በጠፍጣፋ ድንጋይ መሠረት ላይ አቁመን በአግዳሚና በማዕዘን ድጋፍ አሰርናቸው። ድጋፉ ባይኖር ነፋስ ይጥለዋል። መቅበር ግዴታ ከሆነ የሚቀበረውን ጫፍ ላዩን እሳት አስነክቶ ማክሰል የቆየ ዘዴ ነው።

ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሎ በሳንቃ ተነጠፈ። አይጥ እግሩን ተከትሎ እንዳይወጣ በየእግሩ ዙሪያ ከቆርቆሮ ቁራጭ የተሠራ፣ እንደ ተገለበጠ ማስገቢያ ወደ ታች የሰፋ መከላከያ አደረግንበት። ይህ የሚሠራው እግሩ ወደ አንድ ሜትር ገደማ ከፍታ ሲኖረውና አጠገቡ ግንድ ወይም የተደገፈ መሰላል ከሌለ ብቻ ነው። አይጥ ጥሩ ዘላይ እኮ ነው! እኛ ቁመቱን ሙሉ ያደረግነው ለድንቹ ክፍል ሲሆን፣ የመሣሪያው ክፍል ካሪዮላ እንዲገባበት ዝቅ ብሏል። በሁለቱ መካከል ያለው ግድግዳ ግን ቀዳዳ የለውም።

በላይኛው ወገን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ቆፍረናል። ከጣሪያው የሚወርደው ውኃም በበርሜል ይጠራቀማል። በበጋ ለችግኝ ይሆናል።

6. የዘር ድንቹ ክፍል

ይህ ክፍል ከሌላው ይለያል። የሚበላ ድንች ጨለማ ይፈልጋል፤ ብርሃን ካገኘ አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመራል፣ ለጤናም አይበጅም። የዘር ድንች ግን ተቃራኒው ነው። የፀሐይ ጨረር በቀጥታ ሳይመታው ብርሃን ብቻ ሲያገኝ ጉንቁሉ አጭር፣ ወፍራምና ጠንካራ ይሆናል፤ ሲተከል አይሰበርም። በጨለማ ያደረ ግን ኃይሉን ነጭ ክር በማውጣት ይጨርሳል። አባባ ያሉን ይህንኑ ነው። በሆለታና በሌሎችም ቦታዎች ያሉ የድንች ተመራማሪዎች ለገበሬው ያስተዋወቁት የዘር መጋዘንም በዚህ መሠረት የሚሠራ ነው።

ስለዚህ የዚህን ክፍል ግድግዳ በክፍተት በክፍተት በተመታ ጣውላ ሠራነው። ውስጡ 2 ሜትር ርዝመትና 60 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ባለ አራት ደርብ የርብራብ መደርደሪያ አለ። ድንቹ ከሁለት ድንች በላይ ሳይደራረብ ይዘረጋል። ሁለት ኩንታል ገደማ ይይዛል። በየሳምንቱ የበሰበሰ ይለቀማል፤ አንዱ የታመመ ጎረቤቱን ያስይዛልና። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ በሚጥልባቸው ሌሊቶች ክፍተቱን በኬሻ እንጋርደዋለን፣ ጠዋት እንገልጠዋለን።

7. አያያዙ

ጥሩ ዕቃ ቤት ሠርቶ መጥፎ አድርጎ መያዝ ከሁሉ የከፋ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ደንቦች አውጥተናል።

ሀ. ጭቃ ያለበት መሣሪያ አይገባም። ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ብረቱ ዘይት በነካ ጨርቅ ይታበሳል።

ለ. በግድግዳው ላይ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ በከሰል ተሥሏል። ማታ ባዶ ቅርጽ ከታየ አንድ ዕቃ ጠፍቷል ማለት ነው። መቁጠር የማይችል የአንደኛ ክፍል ሕፃን እንኳን ይህንን ያውቃል።

ሐ. ማዳበሪያ በርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ርቆ፣ አፉ ታስሮ ይቀመጣል። ዩሪያ እርጥበት ይስባል፤ ይጋገራል፤ አጠገቡ ያለውንም ብረት ያዝጋል። ከዘርና ከመሣሪያ ይለያል።

መ. ፀረ ተባይ መድኃኒት ተማሪዎች በሚገቡበት ዕቃ ቤት ፈጽሞ አይቀመጥም። የግድ ካስፈለገ ለብቻው ቁልፍ ባለው ሳጥን፣ ስሙ እንደተጻፈበት በራሱ ዕቃ ይያዝ። በለስላሳ ጠርሙስ መገልበጥ ሰው መግደል ነው። ባዶ ዕቃውም ለውኃ አይሆንም፤ ተበስቶ ይወገድ። በመድኃኒት የታሸ ዘርም አይበላም፣ ለዶሮም አይሰጥም።

ሠ. የእህል ዘር ከመግባቱ በፊት በጥርስ ይፈተሻል። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከተጣመመ ወይም ከተላቆጠ ወደ ፀሐይ ይመለሳል።

ረ. ጋዝ፣ ክብሪትና ሻማ አይገቡም።

ሰ. ቁልፉ ሁለት ነው። ተረኛው በየሳምንቱ በመዝገብ ፈርሞ ያስረክባል። «ረሳሁት» የሚል ቃል በመዝገቡ ላይ ቦታ የለውም።

8. ዕቃ ቤቱ ክፍልም ነው

ይህንን ስንሠራ አንድ ነገር ገባን። የጣሪያው ስሌት ሒሳብ ነው። የቆርቆሮው ላብ፣ የጉንቁሉ ቀለምና የብረቱ ዝገት ሳይንስ ነው። መቶ ፍሬ ስንዴ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከሳምንት በኋላ የበቀለውን መቁጠር የመቶኛ ትምህርት ነው፤ 85 ከበቀለ 85 በመቶ ነው፤ ሌላ ማስረዳት አያስፈልገውም። የተረኛው መዝገብ ደግሞ ኃላፊነትን ያስተምራል። ቤተ ሙከራ በሌለበት የገጠር ትምህርት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ ሲለጠፍ መጋቢት ነው። በኅዳር ያስገባነው የዘር ድንች አሁን የጣት ጥፍር የምታክል አረንጓዴ ጉንቁል አውጥቷል። ዘንድሮ ካለፈው ዓመት ያነሰ ነው የያዝነው፤ ዘራችን ስለ ተበላሸ ከትንሽ ነው የጀመርነው። ቢሆንም ቅርጫቶቹን ቆጥረናል። እስከ ሰኔ በደህና ከዘለቀ በዚህ ዓመት ከሚመረቁት ታላላቆቻችን መካከል ባዶ እጁን የሚሄድ አይኖርም። ባለፈው ዓመት የሄዱትም አልተረሱም፤ በአቅራቢያ ላሉት የሚበቃ ሁለት መደርደሪያ ለብቻው ተይዟል።

በተረፈ ማየት የሚፈልግ ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ መደቡ ብቅ ይበል። በተለይ የአናጢነት እጅ ያላችሁ አስተያየታችሁን አትንፈጉን። በሩ አሁንም ዝናብ ሲዘንብ ትንሽ ይጠብቃል።

ከጓሮ አትክልት ክበብ ሠልጣኞች